ጠፍጣፋ ትሎችና ባዶውን የማይመለስ ዕቃ

ይድረስ ለእናቴ ልጅ፣ ለእህቴ ለሽኩሪያ፤
ሐርቡ።

አሰላሙ ዐለይኪ ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ሽኩሬ፣ ሰላምታዬ ከራስሽ ጠጉር ጀምሮ እስከ ደጃፍሽ ዋርካ ድረስ ይድረስልኝ። እንዴት ነሽ? ጉልበትሽ ከአቀበቱ ጋር ታረቀ? ዓይንሽስ? አሁንም የልጅ ልጆችሽን «መርፌው ላይ ክር አስገቡልኝ» እያልሽ ትለምኛለሽ? ማሽላው እንዴት ሆነ? አምና ወፉ ቀድሟችሁ ነበር፤ ዘንድሮ እናንተ ቀደማችሁት? ያቺ ቀንዷ የተሰበረው ላም ወለደች? ሁሉንም በየተራው መልሺልኝ እንጂ «ሁሉም ደኅና ነው» ብለሽ በአንድ ቃል እንዳትጠቀልዪው። አውቅሻለሁ።

እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ። ይህን የምለው እንደ ወጉ አይደለም፤ ሐኪም መርምሮ ያለኝ ነው። እዚህ ብርዱ ጀምሯል። ከቤታችን አጠገብ የሚያልፈው ጅረት ዳር ዳሩን በረዶ ይዞታል፤ መሐሉ ግን አሁንም ይፈስሳል። ልጄ ፈሪሃ እዚሁ ፍሪድሊ፣ የሕክምና ዕቃ ከሚሠራ ፋብሪካ ቆማ እየዋለች እግሯን ያማታል። ባሏ መንሱር ፕሊማውዝ ድረስ መኪና እየነዳ ይመላለሳል። ማታ ሲገቡ ሁለቱም «ቢዚ ነበርን» ይሉኛል። «ሥራ በዝቶብን ነበር» በሉ እላቸዋለሁ። ይስቃሉ፤ በማግስቱ ያው ቢዚ ናቸው።

ስልክ እያለ ለምን በወረቀት እንደጻፍሁልሽ ሳትገረሚ አትቀሪም። እኔና አንቺ በስልክ ስንነጋገር ልጅሽ አክረም ስልኩን ጮክ አድርጎ መደቡ ላይ ያኖረዋል። ምራትሽ ከጓዳ፣ ጎረቤት ከደጅ፣ መንገደኛው ከአጥሩ ማዶ ሆነው ሰላም ይሉኛል። ደስ ይለኛል። ይህን ጉዳይ ግን ሐርቡ በሙሉ እየሰማ ላወራሽ አልችልም። ስለዚህ ደብዳቤውን የፈሪሃ የሥራ ጓደኛ ለሆነችው ለቲጂ ሰጥቻታለሁ፤ እናቷን ልትጠይቅ አዲስ አበባ ትመጣለች፤ አክረም ከእሷ ይቀበላል። ፖስታውን በሙጫ ብቻ አላሸግሁትም፤ በክር ሰፍቼዋለሁ። ክሩ ተበጥሶ ካገኘሽው ልጅሽን ጠይቂው። ፊደሉን ያገዘፍሁት ማንንም ሳታስቸግሪ ራስሽ እንድታነቢው ነው። ማንበብ ያስተማርሁሽ እኔ ነኝና «አልገባኝም» የሚለውን ምክንያት አልቀበልም።

ነገሩ ይህ ነው። አክረም ሁሉንም ነግሮኛል፤ አትቆጪው፣ ጨንቆት ነው። ሆድሽ እንደተነፋ፣ ሰገራሽ ደም እንደቀላቀለ፣ ጤና ጣቢያ ሄደሽ ለምርመራ የሚሆን ትንሽ ዕቃ እንደሰጡሽ፣ አንቺም ዕቃውን ከቁልቋሉ አጥር ሥር እንደወረወርሽው አውቄያለሁ። «ከዚህ ወዲያ እዚያ ደጅ አልደርስም፤ ብሞትም በክብሬ ልሙት» ማለትሽንም ሰምቻለሁ። ላብራቶሪው ውስጥ የተቀመጠው ልጅ፣ ባልሽ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ቁርአን ያቀራው የጎረቤትሽ ልጅ ነው አሉ። በዒድ እጅሽን ስሞ ከቤትሽ የሚበላ ልጅ ነው። ለእሱ ያንን ይዘሽ መቅረብ እንዴት እንደሚከብድ አልጠፋኝም። ቢሆንም ይህን ሁሉ ወረቀት የምጽፈው ዕቃውን መልሰሽ እንድትይዢ ልለምንሽ ነው። ልመናዬን ከመጀመሪያው ነገርሁሽ፤ አሁን ደግሞ በእኔ ላይ የደረሰውን ላጫውትሽ። ረጅም ነው፤ ትራስሽን አስተካክለሽ ተቀመጪ።

የፈሪሃን ልጅ ፈዲላን በፎቶ ታውቂያታለሽ። ዘንድሮ ስድስተኛ ክፍል ገብታለች። እኔ በአማርኛ እጠይቃታለሁ፣ እሷ በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች፤ እንዲህ ሆነን እንግባባለን። በመስከረም ወር አስተማሪዋ እያንዳንዱ ተማሪ ከሰፈሩ አንድ እንስሳ መርጦ እንዲያጠና አዘዘች። የሌላው ልጅ አጋዘን መረጠ፣ ዳክዬ መረጠ። የእኛዋ የመረጠችው ትል ነው። ከዚያ አንድ ቀን ማቀዝቀዣውን ስከፍት ለእራት ያስቀመጥሁት ጉበት ጎድሏል። «ጉበቴን ምን በላው?» ብዬ ብጮህ «አያቴ፣ ጀስት አ ሊትል ፒስ» አለችኝ። ለማን ብላት «ለዎርምስ» አለች። ከሐላል ሥጋ ቤት በስንት ልመና መንሱርን ልኬ ያስመጣሁትን ጉበት ለትል! ልቆጣት ተነሣሁና የምታደርገውን ሳይ ቁጣዬ ጠፋ። ቁራጩን በክር አስራ ጅረቱ ውስጥ ከድንጋይ ሥር ጣለችው፤ በማግስቱ ክሩን ስትስበው ጉበቱ ላይ ቡናማ ነገሮች እንደ አልቅት ተለጥፈው መጡ። ከአስተማሪዬ ተምሬው፣ እኔም ለተማሪዎቼ ነግሬው፣ በሕይወቴ ግን አንድ ቀን ሠርቼው የማላውቀው የአያያዝ ዘዴ ነው። ፕላናርያ ናቸው። የስንቱን ተማሪ ደብተር ያረምሁበት ፕላናርያ ወጥ ቤቴ ድረስ መጣልኝ።

ምን ይመስላል ብትይኝ፣ ርዝመቱ ከጣትሽ ጥፍር አይበልጥም፤ እንደ ቅጠል ጠፍጣፋ ነው። ራሱ ሦስት ማዕዘን ነው፤ በላዩ ሁለት ዓይኖች አሉት፤ ወደ መሐል ስለሚያዩ ዘወትር በአንድ ነገር የተገረመ ይመስላል። አፉን ራሱ ላይ ብትፈልጊ አታገኚውም። አፉ ከሆዱ መሐል ነው፤ ሲርበው ከዚያ ቱቦ የመሰለ ነገር አውጥቶ ይመጥጣል። መውጫ የለውም፤ የበላው በገባበት ይወጣል። ደም የለውም፤ ሳንባም የለውም፤ ጠፍጣፋነቱ ራሱ ሳንባው ነው፤ ውሃው ውስጥ ያለው አየር በቆዳው ዘልቆ ሁሉም አካሉ ይደርሳል። ራሱ ባወጣው ልጋግ ላይ ዓይን በማያያቸው ፀጉሮች ይንሸራተታል። ብርሃን አይወድም። እያንዳንዱ ወንድም ሴትም ነው። ብቻውን ሲሆን ደግሞ በጭራው ድንጋይ ይዞ በራሱ ወደፊት እየጎተተ ከመሐሉ ይበጠስና ሁለት ይሆናል። ፈዲላ አንዱን በምላጭ ቆርጣ አሳየችኝ። ሰንበትበት ሲል ራሱ ጭራ፣ ጭራው ራስ አበቀለ። አዲሱ ራስ ላይ መጀመሪያ የታዩት ሁለቱ ዓይኖች ናቸው፤ ያው ተገርመው።

ከሁሉ የነካኝ ግን ረኃቡ ነው። ይህ ትል ምግብ ሲያጣ ቶሎ አይሞትም፤ ያንሳል። ከራሱ አካል እየበላ፣ ዓይኑም አንጀቱም በልኩ እያነሰ፣ ቅርፁን ሳያጣ ትንሽ ይሆናል። ምግብ ሲያገኝ ተመልሶ ያድጋል። ይህን ከፈዲላ ጋር ሳነብ አንቺ ትዝ አልሽኝ። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከማስተምርበት ከነቀምት መጥቼ ሳገኝሽ አንሰሽ ነበር። መክሳትሽን አይደለም የምልሽ፤ ቁመትሽ ራሱ ያነሰ መሰለኝ፤ የእናታችን ቀሚስ መሬት ይጠርግልሽ ነበር። ከዚያ ተመልሰሽ አደግሽ፤ አክረምን ወለድሽ። ለፈዲላ ይህን ብነግራት ምላጩን አስቀመጠችና «ካሁን በኋላ አላስርባቸውም» አለችኝ። በአማርኛ ነው ያለችው።

በአንድ ነገር ግን ተጣላን። እኛ ስንማር ጠፍጣፋ ትሎች በሦስት መደብ ይከፈሉ ነበር። ውሃ ውስጥ በነጻነት የሚኖሩት ተርቤላርያ፣ እንደ ቢልሃርዝያ ያሉት ትሬማቶዳ፣ እንደ ኮሶ ትል ያሉት ሴስቶዳ ይባላሉ። አስተማሪያችን ከእንቅልፋችን ቢቀሰቅሱን እንኳ እንድንመልሰው አድርገው አስጠንተውናል። ፈዲላ «ያ ኦልድ ነው፤ ተርቤላርያ የሚባል መደብ አሁን የለም» አለችኝ። እኔም «መጽሐፉን ሳታነቢ አትናገሪ» ብዬ ተቆጣኋት። መጽሐፉን አምጥታ አነበበችልኝ። ሳምንት ሙሉ ተከራክሬ በመጨረሻ ገባኝ። ሌሎቹ፣ ሰውና ከብት ውስጥ የሚኖሩት፣ ከነጻዎቹ ዘር መሐል የወጡ ናቸው። አንዲት እናት ሦስት ልጆች ቢኖሯት፣ አንዷ ወደ ሰው አገር ሄዳ መልኳ ስለተለወጠ ከቤተሰቡ ሰርዘሽ የቀሩትን ብቻ ቤተሰብ ልትያቸው አትችይም። ወጥታ የሄደች ልጅም ያው የቤቱ ልጅ ናት። ነገሩ እንዲህ ከሆነማ ምን አከራከረኝ ብዬ ተውሁት።

አሁን ወደ ጥፋቱ ልምጣ። እዚህ ቧንቧው ሙቅም ቀዝቃዛም ውሃ ያፈስሳል፤ እኔ ግን በማንቆርቆሪያ ካልሆነ ውዱእ ያደረግሁ አይመስለኝም። መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ አንድ አረንጓዴ የፕላስቲክ ማንቆርቆሪያ አለችኝ፤ ማታ ሞልቼ አሳድራታለሁ፤ ማንም አይነካትም። ፈዲላ አንድ ማታ የትሎቿን ማሰሮ ልታጥብ ስትነሣ ትሎቹን የምታቆይበት ዕቃ አጣች። የቧንቧ ውሃ መድኃኒቱ እስኪበንን ካላደረ አይስማማቸውም፤ ጨለማ ደግሞ ይወዳሉ። ቤቱ ውስጥ ያደረ ውሃ ያለበት፣ ክዳን ያለው፣ ውስጡ የጨለመ ዕቃ የትኛው ነው? አዎ፣ የእኔ ማንቆርቆሪያ። እዚያ ጨመረቻቸውና እንቅልፍ ወሰዳት።

ለሱብሂ ሶላት ተነሣሁ። ቤተሰቡን እንዳልቀሰቅስ መብራት አላበራሁም። እጄን ታጠብሁ፤ አፌን ተጉመጠመጥሁ፤ አፍንጫዬን አጠብሁ። ፊቴን ስታጠብ አንድ ለስላሳ ነገር በጉንጬ ላይ ተንሸራተተ። መብራቱን ሳበራ አንዱ ክንዴ ላይ ነበር፤ ብርሃኑን ሲያይ እየተንሸራተተ ወደ እጅጌዬ ሊገባ! እኔ እንዴት እንደጮህሁ አልነግርሽም። ፈሪሃ ወድቄ መስሏት በባዶ እግሯ መጣች፤ መንሱር ሌባ መስሎት መጥረጊያ ይዞ መጣ። ፈዲላ ግን ማንቆርቆሪያውን ስታይ ሁሉም ገባት። «አያቴ፣ በዎርሞቼ ውዱእ አደረግሽ!» ብላ አለቀሰች። መንሱር መጥረጊያውን ተደግፎ «ዋጥ ካደረግሻቸውም ጉበትሽ ተመለሰልሽ ማለት ነው» አለ። ዓይኔን ሳሳየው ወደ መኝታው ሄደ። እኔ እንግዲህ ውሃው ለውዱእ ይበቃል አይበቃም እያልሁ ከራሴ ጋር ስሟገት ሶላቱ ሊያልፈኝ ሆነ፤ በቧንቧው ደግሜ ታጥቤ ሰገድሁ። ትሎቹ በሙሉ ከውሃው ጋር ወደ ቦይ ወርደው ኖሯል። ማንቆርቆሪያዋን ስናገላብጣት የተገኘው ክዳኑ ቆርጦ ያስቀረው አንድ ጭራ ብቻ ነው። ከሩዝ ፍሬ ያነሰ ነው። ፈዲላ በማንኪያ አንሥታ ማሰሮው ውስጥ አኖረችው።

በዚያው ሰሞን የደም ግፊቴን የምትከታተለኝ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ነበረኝ። ትምህርት ቤት ዝግ ስለነበር ፈዲላ ተከትላኝ ሄደች፤ ተቀምጣም የማንቆርቆሪያውን ታሪክ ከነጩኸቴ አወራችላት። ሐኪሟ ዓይኗ እንባ እስኪያቀርር ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ድንገት አቆመችና የት እንዳደግሁ ጠየቀችኝ። ወንዝ አለ ወይ፣ ውስጡ ትገቢ ነበር ወይ አለችኝ። እኔም ስለ ቦርከና ነገርኋት፤ ልብስ ስናጥብ እስከ ጉልበታችን እንደምንገባ፣ ከዳሩ ውዱእ አድርገን እንደምንሰግድ፣ ጡረታ ከወጣሁ በኋላም አንቺ ዘንድ በኖርሁባቸው ዓመታት ያንኑ እናደርግ እንደነበር አጫወትኋት። ቢልሃርዝያ ተመርምረሽ ታውቂያለሽ ወይ ስትለኝ ቀና ብዬ «ይህን ትምህርት ዕድሜዬን ሙሉ ያስተማርሁ ሰው ነኝ» አልኋት። «ማስተማርሽን አልጠየቅሁም፤ መመርመርሽን ነው» አለችኝ። ፈዲላ ወደ መስኮቱ ዞራ ሳቋን ዋጠች። ደም ቀዱኝ፤ ከዚያ ክዳን ያለው ትንሽ ዕቃ ሰጡኝ። አዎ ሽኩሬ፣ ያው አንቺ ቁልቋል ሥር የጣልሽው ዓይነት ነው።

እኔም ልጥለው አስቤ ነበር። ሦስት ቀን መሳቢያ ውስጥ ደብቄ አቆየሁት። በመጨረሻ በወረቀት ከረጢት ከትቼ፣ ከሻሼ ሥር ሸጉጬ፣ «የሚቀበለኝ የማላውቀው ፈረንጅ ነው፤ ሰጥቼው እመለሳለሁ» ብዬ ሄድሁ። ከመስኮቱ ስደርስ ነጭ ካፖርት የለበሰ፣ ጢሙ የሸበተ ሰው ቀና አለ። ስሜን ከወረቀቱ አነበበ። ፊቴን አየ። «ቲቸር ከሚሪያ! ነቀምት! እርስዎ አይደሉም?» አለ። ጉዲሳ ነው። ሰባተኛ ክፍል፣ የኋላ ወንበር፣ ደብተሩ ዘወትር ዘይት የነካው ጉዲሳ! መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እወድ ነበር። «ተሳስቼ ነው የመጣሁ» ብዬ ልመለስ ስል በሩን ከፍቶ ወጣ፤ ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሳመ። ከዚያ ሁለት እጆቹን ዘረጋ። እኔ እንዴት አድርጌ በዚያ እጅ ላይ ላኑረው? «ቲቸር፣ ያምጡት እንጂ። እዚህ የዳኛውም የዘበኛውም በአንድ ዓይነት ክዳን ነው የሚመጣልኝ» አለኝ። ፈተና ወረቀት እንደሚቀበል በሁለት እጁ ተቀበለኝ። ይባስ ብሎ ዕቃውን እንደያዘ ቀጥ ብሎ ቆመና «ጠፍጣፋ ትሎች በሦስት መደብ ይከፈላሉ፤ አንደኛ ተርቤላርያ…» እያለ እንደ ጥንቱ በቃሉ ይወጣልኝ ጀመር። እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? «ጉዲሳ፣ ያ መደብ ፈርሷል፤ አንብብ» አልሁት። ሁለታችንም ሳቅን። ኀፍረቴ የት እንደገባ አላውቅም፤ ስወጣ ፈልጌው አጣሁት።

ከጥቂት ቀን በኋላ ሐኪሟ ጠራችኝ። ሽኩሬ፣ ተገኘብኝ። ጎኑ ላይ እሾህ ያለው እንቁላል፣ እኔ በጠመኔ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስስለው የኖርሁት እንቁላል፣ እኔው ውስጥ ተገኘ። ፈዲላ ሳትወለድ ወደዚህ ከመጣሁ ወዲህ ቦርከናን አልረገጥሁም፤ እዚህ ደግሞ ይህ በሽታ አይያዝም። ስለዚህ ትሎቹ ከፈዲላ በዕድሜ ይበልጣሉ። እንዴት ይህን ያህል ኖሩ ብዬ ጠየቅሁ። ሐኪሟ እንደነገረችኝ፣ የፈዲላ ፕላናርያ ሲቆረጥ አካሉን መልሰው የሚያበቅሉለት ሴሎች በሩቅ ዘመዱ በቢልሃርዝያም ውስጥ አሉ፤ ያረጀውን አካሉን እያደሰ በሰው ደም ሥር ውስጥ ለብዙ ዓመት ይኖራል። ለካ የአንድ ቤት ልጆች መሆናቸው በከንቱ አይደለም። ሌላም ነገር አለ። ከጠፍጣፋዎቹ መሐል ይሄኛው ወንዱ ሌላ፣ ሴቷ ሌላ ነው። ወንዱ ሰፊ ነው፤ የአካሉን ጠርዝ አጥፎ ሴቷን እንደ ጋቢ ያለብሳታል፤ እንደተቃቀፉ ይኖራሉ፤ እሷ በየቀኑ እንቁላል ትጥላለች፤ ጉበትሽን የሚያቆስለው፣ ሆድሽን የሚነፋው ያ እንቁላል ነው። እኔ ባሌን ከቀበርሁ ስንት ዘመኔ ነው፤ እነሱ ግን በእኔ ቤት ትዳር መሥርተው፣ ተቃቅፈው፣ ኪራይ ሳይከፍሉ! ይህን ለፈሪሃ ስነግራት በሳቅ ፍርስ አለች፤ ከዚያ አቅፋኝ ብዙ አለቀሰች።

መድኃኒቱ በአንድ ቀን የሚያልቅ ክኒን ነው። ትልቅ ነው፤ መራራ ነው፤ ከምግብ በኋላ ይዋጣል። የዚያን ቀን ራሴን አዞረኝ፤ ሆዴን ቆረጠኝ፤ በማግስቱ ተነሥቼ ቤቱን ጠረግሁ። በቃ፣ ይኸው ነው። አክረም እንደነገረኝ ያው ክኒን እናንተ ጤና ጣቢያ አለ፤ ካንቺ የቀረው ያቺ ትንሽ ዕቃ ብቻ ናት። ቢልሃርዝያ ነሽ ብዬ ከዚህ ሆኜ አልፈርድብሽም፤ ሌላም ሊሆን ይችላል፤ የሚያውቀው የመረመረ ነው። እኔ ምንም ሳያመኝ ነው የተገኘብኝ፤ አንቺ ግን ደም እያየሽ ነውና ጊዜ የለሽም። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ሲባል ሰምተሽ ለሰው ትመክሪያለሽ፤ ለራስሽ ሲሆን ሆድ ይፍጀው ትያለሽ። ሆድ ፈጀው እኮ፣ ሽኩሬ።

ቦርከና አሳድጎናል፣ እንዴት ይጎዳናል እንዳልሽም ሰምቻለሁ። ውሃው አልበደለንም፤ አንቺም አልበደልሽም። የታመመ ሰው ሰገራ ውሃ ሲነካ እንቁላሉ ይፈለፈላል፤ ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ይባዛል፤ ከዚያ ወጥቶ የሚያጥበውን፣ የሚሻገረውን፣ የሚዋኘውን ሕፃን ቆዳ በስቶ ይገባል። እናታችን ልብሳችንን በእንዶድ ስታጥብ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው ሆዳቸውን አዙረው ይንሳፈፉ እንደነበር ታስታውሻለሽ? ሳታውቀው ትጠብቀን ነበር። አሁን ሳሙና መጥቶ እንዶዱ ቀረ። አንቺ ስትታከሚ የምትድኚው ብቻሽን አይደለሽም፤ ከታችሽ የሚዋኙት የልጅ ልጆችሽም ናቸው።

ኀፍረትሽን ግን በዕውቀት ልገፋው አልችልም፤ እኔንም ዕውቀቴ አላዳነኝም። ስለዚህ አንድ የምታውቂውን ነገር ላስታውስሽ። እናታችን የጎረቤት ሳህን ባዶውን መልሳ ታውቃለች? ሌላ ቢጠፋ ሁለት እሸት በቆሎ፣ እሱም ቢጠፋ አንድ እፍኝ ጨው ጣል አድርጋ ነው የምትልከን። «ዕቃ ባዶውን ከተመለሰ ፍቅር ባዶውን ተመለሰ» ትል ነበር። ያ የጎረቤትሽ ልጅ ዕቃ ሰጥቶሻል። ከቁልቋሉ ሥር አንሺው፤ ተሰብሮ ከሆነ ሌላ ስጠኝ በዪው፤ ባዶውንም አትመልሺበት። ሳቅሽ አይደል? ሳቂ፣ ግን አድርጊው። ጉዲሳ ሁለት እጁን እንደዘረጋልኝ ያ ልጅም ይዘረጋልሻል፤ ባልሽ ያስተማረው ልጅ ከዚህ ሌላ አያደርግም።

ስለ ጭራው ሳልነግርሽ ልጨርስ ነበር። ከማንቆርቆሪያዋ የተረፈው ያ ቁራጭ ጭራ ራስ አበቀለ። ትናንት ፈዲላ ማጉያ መነጽሯን ይዛ መጥታ «አያቴ፣ ነይ እዪ፤ ዓይን አወጣ» አለችኝ። አየሁት። ሁለቱም ዓይኖቹ ወጥተዋል። ፈዲላ ስም ልታወጣለት ፈልጋ ያንቺን ስም ጠየቀችኝ፤ «እህቴ ትል አይደለችም» ብዬ ከለከልኋት። ሌሊቱን ሳስበው ግን ያላልኋት ነገር ትዝ አለኝ። እህቴ ትል ብትሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር። ከእናታችን ልጆች የቀረነው እኔና አንቺ ነን። እኔ ፕላናርያ አይደለሁም፤ ከእኔ አንቺ ብትቆረጪ ሌላ ሽኩሪያ አላበቅልም።

ለአክረም ሰላምታዬን ንገሪልኝ፤ ስለነገረኝ አመስግኜዋለሁ፤ ፖስታውን ካልከፈተ ደግሞ አጥብቄ አመሰግነዋለሁ። ለምራትሽ፣ የላከችልኝ ሽሮ እስካሁን አላለቀም፤ ፈሪሃ ለእንግዳ እንኳ በቁጠባ ነው የምትሠራው በዪልኝ። የልጅ ልጆችሽን ሁሉ በየስማቸው ጠርተሽ ግንባራቸውን ሳሚልኝ፤ ከውሃው ውጡ በያቸው። ለአጥሩ ማዶ መንገደኞችም ሰላም በዪልኝ፤ ለምደውኛል። ፈሪሃና መንሱር እጅሽን ይስማሉ። ፈዲላ ካጠገቤ ሆና «ሃይ በይልኝ» ትላለች፤ «ሰላም በዪልኝ» ካላለች አልጽፍም ብያት ነበር፤ አሁን ብላለች።

ምላሽ ለመጻፍ አትድከሚ። አክረም ስልኩን መደቡ ላይ ሲያኖረው፣ ሁሉም እየሰማ፣ «ከሚሪያ፣ የጎረቤቱን ዕቃ መለስሁ» በዪኝ። ማንም ምንም አይጠረጥርም። እኔም «ባዶውን?» እልሻለሁ። አንቺም «የእናቴ ልጅ ባዶውን ትመልሳለች እንዴ?» ትዪኛለሽ። ከዚያ ስለ ላሟ እናወራለን።

እህትሽ ከሚሪያ
ፍሪድሊ፣ ሚኒሶታ
ኅዳር ፳ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.